«አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?»

ይቺን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ማንቼ (ማንችስተር ዩናይትድ) ስለተሸነፈ እንዳይመስላችሁ። መሸነፉንማ ለምደነዋል። እሁድ ማታ ተሸንፈን፣ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሙድ ሲያዝብን ዓመታት ተቆጠሩ። እኔን ያቃጠለኝ አንድ ጥያቄ ነው።

የጠየቀኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ የአርሴ (የአርሰናል) ደጋፊ ነው። ቦታው ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለችው ዲኤስቲቪ ቤት። ቤት አልኩ እንጂ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ናት። ሁለት ቴሌቪዥን አላት። አግዳሚ አላት። አግዳሚ ላልደረሰው ደግሞ የሚደገፈው ማገር አለ፣ ሚስማሩን ተጠንቅቆ። መግቢያ 30 ብር ነው፣ ትልቅ ጨዋታ ሲሆን 50።

ካሜራው ደጋፊውን ሲያሳይ የክለባችንን ባለቤቶች የሚቃወም «ግሌዘሮች ይውጡ» የሚል ጨርቅ ታየ። እኔም ሳላስበው ጮክ ብዬ «ይውጡልን!» አልኩ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። «ፈረንጅ ለፈረንጅ ሸጠ። አንተን ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብለህ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ቤቱ በሳቅ አውካካ። የአርሴዎቹ ቢስቁ ምንም አይደል። የኛዎቹም ሳቁ።

መልስ አልመጣልኝም። ለኔ መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ቤት ገብቼ ብርድ ልብስ ከተከናነብኩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ኳስና ፓስፖርት በኛ አቆጣጠር አይሄዱም። እስከ 2005 ድረስ ማንቼ ከዕዳ ነጻ የሆነ ክለብ ነበር። ድርሻው በአክሲዮን ገበያ ይሸጣል። ተራው ደጋፊም ጥቂት ጥቂት ይዞ ነበር። በ1998 የሜርዶክ የቴሌቪዥን ኩባንያ በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ልግዛው ብሎ መጣ። ደጋፊው ጮኸ፣ መንግሥትም በዓመቱ ሽያጩን ከለከለ። ያኔ ደጋፊው ጩኸት ይሠራል ብሎ አመነ። ምስኪን።

ከዚያ የፈረሱ ጉዳይ መጣ። ሮክ ኦቭ ጂብራልታር የሚባል የእሽቅድምድም ፈረስ ነው። የያኔው አሠልጣኛችን ፈርጉሰን በዚህ ፈረስ ድርሻ ከክለቡ ትልልቅ ባለ አክሲዮኖች ጋር ተጣላ። ሰዎቹ ጆን ማግኒየርና ጄ ፒ ማክማነስ የሚባሉ የአየርላንድ ባለሀብቶች ናቸው። ፈረሱ ሩጫ አቁሞ ለእርባታ ሲውል የሚገኘው ገንዘብ የማን ነው፣ ጭቅጭቁ ይኸው ነው። ነገሩ በ2004 በስምምነት ተዘጋ። በዓመቱ ግን ሰዎቹ ከክለቡ የነበራቸውን 28.7 በመቶ ድርሻ ለማልኮም ግሌዘር ሸጡለት። የጎረቤት በሬ ማሳ ገብቶ ዘመድ ከዘመድ ሲካሰስ አይቻለሁ። ከፈረስ ጠብ በኋላ ክለብ ሲሸጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ግሌዘር አሜሪካዊ ነው። ቤተሰቡ ታምፓ ቤይ ባካኒርስ የሚባል የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አለው። ማንቼን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ብድር ነው። አብዛኛው ብድርም የተጫነው ሰውየው ጫንቃ ላይ አይደለም። ክለቡ ላይ ነው። ላሚቷን በራሷ ወተት ገዛት ማለት ነው። ወለዱና ልዩ ልዩ ክፍያው ተደማምሮ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ ማለፉን የእንግሊዝ ጋዜጦች ስንት ጊዜ ጻፉት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው ለካ ለኛ ነው።

ደጋፊው ዝም አላለም። በዚያው ዓመት የግሌዘር ልጆች ኦልድ ትራፎርድን ሊያዩ ሲመጡ ሕዝቡ በር ዘግቶባቸው በፖሊስ መኪና ተጭነው ነው የወጡት። ግን ወጡ እንጂ አልለቀቁም።

ሰኞ ማታ ከአደባባዩ ወደ ብሎካችን ያደረሰኝ ያው የባጃጁ ልጅ ነበር። ዕድሌ ነው ብዬ ጀመርኩ። «20/80 ታውቃለህ አይደል? ሃያውን ትቆጥባለህ፣ ሰማንያውን ባንክ ያበድርሃል። ዕዳው ግን ያንተ ነው። ቤቱ ራሱ ዕዳ አይከፍልም። ግሌዘር ግን ቤቱን ነው ዕዳ ያስከፈለው!» በምሳሌዬ ኮርቻለሁ።

በመስታወቱ አየኝ። «የት አገር ነው የምትኖረው?» አለኝ። «እኔ ያለሁበት ቤት ባለቤቱ አንድ ቀን አድሮበት አያውቅም። የኔ ኪራይ ቀጥታ ባንክ ነው የሚገባው። ቤቱ ነው ዕዳውን የሚከፍለው። ቤቱ ማለት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ዝም አልኩ። ለካ እኔም እንደዚያው ነኝ።

የምኖርበት ቤት ዕጣ የወጣላቸው አከራዬ ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ በዓል ሲመጣ ደውለው እንኳን አደረሰህ ይሉኛል። ግን በየወሩ የማስገባላቸው ብር የት እንደሚሄድ ራሳቸው ነግረውኛል። ግማሹ ለባንክ ነው። ባለፈው ደግሞ ደወሉ። «ልጄ፣ ኑሮው እንደምታየው ነው። ትንሽ ጨምርልኝ። ካልተመቸህ ደግሞ አትቸገር፣ ሌላ ፈልግ።» የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ከላይኛው ፎቅ ማንጠባጠብ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ስለሱ ስጠይቃቸው «እሱን ከላይኛው ሰውዬ ጋር ተነጋገር» አሉኝ። ሰማያዊ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ። ሌሊት ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ስለዚህ ለልጁ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ጥልቅ ያደረገኝ ተከራይ መሆኔ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ማን ሆነና? በየሳምንቱ 30 ብር የምከፍለው እኔ፣ ማልያ የሚገዛው ሰው፣ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው። የኔዋ 30 ብር ማንችስተር ሳትደርስ መንገድ ላይ ታልቃለች፣ አውቃለሁ። ግን የቴሌቪዥን ገንዘብ የሚባለው ነገር ከሰማይ አይወርድም። ከእንደኔ ዓይነቱ ኪስ እየተለቀመ ነው።

«ካልተመቸህ ውጣ» ይሉሃል። ቤት መልቀቅ ለኔ ምንም አይደለም። በሦስት ዓመት ሁለት ቤት ለቅቄአለሁ። ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ ሁለት ማዳበሪያ ልብስ፤ የአይሱዙን ሩብ አይሞላም። ማንቼን ግን የት አውርጄ ላስቀምጠው? በ1999 ሼሪንግሃምና ሶልሻየር በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በባከነ ሰዓት ባየርን ላይ ሲያገቡ አባቴ ተኝቶ ነበር። ከጩኸቴ የተነሳ ሌባ የገባ መስሎት ዱላ ይዞ ሳሎን ድረስ መጣ። እንዲህ የጀመረ ነገር በዝውውር አይለቅም።

ማንችስተር ውስጥ ግን ማንቼን ለቅቀው ያዩ አሉ። በ2005 ተቆርጠው ወጥተው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንችስተር የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ። ከታችኛው ሊግ ጀምረው በ2015 የራሳቸውን ሜዳ ከፈቱ። አከብራቸዋለሁ። ግን የእነሱን ጨዋታ ቱሉ ዲምቱ ላይ በየት በኩል ልየው?

«የራስህን አገር ክለብ ደግፍ» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እደግፋለሁ። ግን ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» ለመጫወት ስንት ዓመት ሰው አገር ሲሄድ የኖረ ነው። ይቺን ቁስል ዛሬ አትንኩብኝ።

ወደ ሽያጩ ልመለስ። በኖቬምበር 2022 ግሌዘሮቹ ክለቡን ሊሸጡት እንደሚችሉ ፍንጭ ሰጡ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ሠርግ ቤት ሆነ። የኳታሩ ሼክ ጃሲም መቶ በመቶ እገዛለሁ፣ ዕዳውንም አጸዳለሁ ብሎ ብቅ አለ። ስለ ኳታር እንደ አክስታችን ልጅ ማውራት ጀመርን። በ2021 የሳዑዲ ፈንድ ኒውካስልን ሲገዛ ደጋፊው ጥምጣም አድርጎ ሲጨፍር አይተን ስቀን ነበር። ተራው የኛ ሲመስለን ሳቁ ጠፋ። ገንዘቡ ከየት ነው፣ ነገ ምን ያመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያማ ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። ዛሬ ይፈረማል፣ ነገ ይፈረማል። ወደ ዓመት ሊጠጋ ሲል ሼኩ ተስፋ ቆርጦ ወጣ። በመጨረሻ ሰር ጂም ራትክሊፍ ሩብ ያህሉን ገዛ፤ በፌብሩዋሪ 2024 አለቀ። ግሌዘሮቹስ? አሉ። አብላጫው ድምፅ አሁንም የእነሱ ነው። የኛ ሰፈር ደላላ ይህን ቢሰማ ኮፍያውን ያወልቅላቸዋል። ቤት እሸጣለሁ ብለህ አገር ምድሩን ታስጎበኛለህ፣ ዋጋ ታስጨምራለህ፣ መጨረሻ ላይ ሳሎኑን ብቻ ሸጠህ መኝታ ቤቱ ውስጥ ትቀመጣለህ!

ራትክሊፍ እዚያው ማንችስተር አጠገብ የተወለደ፣ የልጅነት ደጋፊ ነኝ የሚል ቢሊየነር ነው። የኛ ሰው መጣ ብለን ደስ አለን። የኛ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ወደ 250 ሠራተኛ ቀነሰ። ለፈርጉሰን ይከፈል የነበረውን የአምባሳደርነት ክፍያ አቆመ። የሠራተኛውን ነጻ ምሳ አስቀረ። የውድድር ዓመቱ ሳይጋመስ ለአባላት የቀረውን ቲኬት 66 ፓውንድ አደረገው፤ ወደ ብር ስትመታው ከ10 ሺህ በላይ ነው። ያኔ ለሕጻን ቅናሽ አልነበረም። ለጡረተኛም አልነበረም።

ይቺ የጡረተኛዋ ነገር አልዋጥልህ አለችኝ። ዲኤስቲቪ ቤታችን ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር። ሁልጊዜ አንደኛው አግዳሚ ዳር ላይ፣ ጋቢያቸውን ደርበው። ባለቤቱ ግማሽ ነው የሚያስከፍላቸው። በዝናብ ቀን ደግሞ ጭራሽ አያስከፍላቸውም። እንግዲህ አስቡት፤ ሚስማሩ ያገጠጠ ቆርቆሮ ቤት ያለውን ቅናሽ ኦልድ ትራፎርድ አጣ!

ዝናብ ስል ትዝ አለኝ። በሜይ 2024 አርሴ ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ በትሮሳርድ ጎል 1 ለ 0 አሸነፈን። ካለቀ በኋላ ማንችስተር ላይ ዝናቡ ወረደ። የስታዲየሙ ጣራ እንደ ፏፏቴ ሲያንዠቀዥቅ ዓለም አየው። እኛም ቤት የጣራው ሸራ ውሃ ቋጥሮ ነበር። አንዱ በዱላ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው ውሃው ተዘርግፎ የኔ ማጅራት ላይ አረፈ። የባጃጁ ልጅ «ያው ናችሁ፣ እዚያም እዚህም ታፈሳላችሁ» አለ። እርጥብ ሆኜ ቤት ስገባ ባልዲው ሞልቶ ፈስሶ ወለሉ ረጥቦ ጠበቀኝ። በአንድ ማታ ሦስት ጣራ አፈሰሰብኝ።

እሱም ግን ብዙ አይኩራራ። ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። በ2018 የአርሴው ባለቤት ክሮንኬ የሌላውን ባለ አክሲዮን የኡስማኖቭን ድርሻ ገዝቶ ከ90 በመቶ ሲያልፍ ምን ሆነ? አንድም ሁለትም አክሲዮን የያዘው ተራ የአርሴ ደጋፊ በሕግ ተገድዶ ሸጠ። አንዳንዱ ከአያቱ የወረሰው ነው። ወረቀቱን ፍሬም አድርጎ ሳሎን የሰቀለ ሁሉ አለ። በ2021 ትልልቆቹ ክለቦች ለብቻቸው ሊያቋቁሙት ስለነበረው ሱፐር ሊግ ስታዲየማቸው በር ላይ ወጥተው «ክሮንኬ ውጣ» ሲሉ የነበሩትስ እነማን ናቸው? አሁን ስለሚያሸንፉ ረሱት። «አሸንፍና አንተም ትረሳዋለህ» አለኝ። ለዚህም መልስ አላገኘሁም። ማታ አልጋ ላይም አልመጣልኝም።

በቀደም ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ቦንዳ ክምር ውስጥ አረንጓዴና ቢጫ ስካርፍ አገኘሁ። ማንቼ በ1878 ኒውተን ሂዝ ተብሎ ሲመሠረት የለበሰው ቀለም ነው። ከ2010 ጀምሮ ደጋፊው ግሌዘርን ለመቃወም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቤካም ራሱ ከሚላን ጋር መጥቶ ተሸንፎ ሲወጣ አንስቶ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎታል። የኔው ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። 80 ብር አለችኝ፣ በ60 ተስማማን።

እሁድ አድርጌው ገባሁ። ማንም አልገባውም። ጋሼ ብቻ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አንገቴን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ቀዩስ?» አሉኝ።

«ወሰዱት ጋሼ።»

«ማን?»

ከየት ልጀምርላቸው? ፈረሱን አሰብኩ፣ ሃያ ሰማንያውን አሰብኩ። የባጃጁ ልጅ ከኋላ ቀደመኝ።

«ተዉት ጋሼ፣ ተከራይ ነው» አላቸው።