«ሰርተፊኬት አለው» ብሎ መገላገል አይቻልም

ሰሞኑን የባሕር ውስጥ ድምፅ የሚያጠኑ ሰዎች በተሰበሰቡበት አንድ ባለሙያ ስለ ሃይድሮፎን፣ ማለትም ስለ ውሃ ውስጥ ማይክሮፎን፣ እንዲህ አሉ፦ «ሃይድሮፎን ከፋብሪካ ሲወጣ ሰርተፊኬት አለው፤ በየጊዜው ካሊብሬት ማድረግ (በትክክል መለካቱን መፈተሽ) ገንዘብ ማባከን ነው።» ብዙዎች አጨበጨቡላቸው። እኔን እልህ ያዘኝ።

ምክንያታቸው ደግሞ ከሐሳቡ የባሰ ነው። «ውስጡ ሴራሚክ ነው፤ ሴራሚክ አይለወጥም» አሉ። ማን ነው የማይለወጠው? ያ ሴራሚክ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፋብሪካ ውስጥ በከፍተኛ ቮልቴጅ ፖላራይዝ ስለተደረገ፣ ማለትም ውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ዋልታዎች በአንድ አቅጣጫ ስለተሰለፉ ነው፤ ይህ ጠባዩ በጊዜ ብዛት ይደክማል፣ ሙቀትና የጥልቀት ግፊትም ይነካዋል፣ በሽፋኑና በኬብሉ በኩል ደግሞ እርጥበት ይገባል። ይህን የማያውቅ የሙያው ሰው ሊኖር አይገባም።

ሙያው እዚህ የደረሰው እኮ ሰርተፊኬት በማመን አይደለም። አንዱን ሃይድሮፎን ለመፈተሽ ሌላ የታመነ ሃይድሮፎን ያስፈልጋል፤ ያኛውንስ ማን ፈተሸው? ይህን አዙሪት የሰበረው የሪሲፕሮሲቲ ዘዴ ነው። ማክሊን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ኩክ የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ1941 አሳተሙት። ሦስት መሣሪያ ትይዛለህ፤ ቢያንስ አንዱ ድምፅ መላክም መቀበልም መቻል አለበት። ሁለት ሁለቱን እያጣመርክ አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። የምትለካው ቮልትና ከረንት፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ ፍሪኩዌንሲውንና የውሃውን ጥግግት ነው። ከዚያ የሃይድሮፎኑ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ለአንድ የድምፅ ግፊት ስንት ቮልት እንደሚሰጥ፣ በሒሳብ ይወጣል። የማንንም ቃል ማመን የለብህም! አሜሪካም በዚያው በ1941 ለውሃ ውስጥ ድምፅ ልኬት ብቻ የሚሠራ ላቦራቶሪ ያቋቋመችው ቅንጦት አምሯት አይደለም። ያኔ ብዙ መሣሪያ የሚሠራው ከሮሼል ጨው ነበር፤ ውሃ የሚያሟሟው፣ ሙቀት ትንሽ ሲለወጥ ጠባዩ የሚለዋወጥ ክሪስታል። ሰዎቹ የያዙትን መሣሪያ ስለማያምኑት ነው ይህን ሁሉ የለፉት። እኛ ልፋታቸውን ወርሰን በወረቀት እንተካው?

ደግሞ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የ6 ዴሲቤል ስህተት ማለት የድምፁን ግፊት በእጥፍ መሳት ነው። የመርከብ ጩኸት ዓሣ ነባሪ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚባለው በዚሁ ቁጥር ነው።

ወጪ አለው፣ እሺ። ግን ሙሉውን ካሊብሬሽን በየጉዞው አድርጉ ያለ የለም። ባሕር ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ በፒስቶንፎን፣ መጠኑ የታወቀ ድምፅ በሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ፣ መፈተሽ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ቢያሳይም የተበላሸውን ያጋልጣል። ጆርናሎችም መቼ ካሊብሬት እንደተደረገ ያልተጻፈበትን ልኬት ከነገ ጀምሮ ይመልሱት።