ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትሉኝ የኖራችሁ ኑና እዩኝ

እንዴት አመሻችሁ። ይሄን የእንግሊዝኛ ነገር ዛሬ ካልተነፈስኩት እንቅልፍም አይወስደኝ፣ ረጅም ነው፣ ያልተመቸው ይለፈኝ።

ምን ሆነ መሰላችሁ። እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሰራው። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት ፈረንጅ ከሰሜን ተራሮች ተመለሰች፣ አራት ቀን በእግሯ ስትዞር የከረመች፣ ጫማዋ ላይ ያለው አቧራ ብቻ አንድ መደብ ይለስናል። ቁልፏን ተቀብላ ደረጃውን ልትወጣ ስትል ልጆቹ በጀሪካን ውሃ ሲያመላልሱ አየችና ዞር ብላ «ዶንት ዩ ሃቭ ሆት ዋተር?» አለችኝ። ቦይለሩ ከቀትር ጀምሮ ሞቷል። እኔ ሆዬ ፈገግ ብዬ «የስ!» አልኳት። ሙቅ ውሃ የላችሁም እንዴ ስትለኝ አዎ የለንም ማለቴ ነው፣ ሌላ ምን ልበል? እሷ ግን አለን ያልኳት መሰላት፣ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ሳሙና ተቀብታ ጨርሳ ቧንቧውን ስትከፍተው... ጎንደር እኮ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ዘሎ የገባ ሰው የምለው ይገባዋል። ጩኸቷን ታች በር ላይ ያለው ጥበቃ ሰማው።

ጠዋት አለቃዬ ጠራችኝና «ለምን እንግዳ ትዋሻለህ?» አለችኝ። ኧረ አልዋሸሁም! በአማርኛ «አልመጣም እንዴ?» ሲባል «አዎ አልመጣም» እንላለን አይደል፣ አዎ ማለት አንተ ያልከው ልክ ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ጠያቂው ያሰበው ነገር ግድ አይሰጠውም፣ ነገሩ ካለ «የስ» ነው ከሌለ «ኖ» ነው፣ በቃ። «የስ» ስትል ከኋላዋ «ዊ ዱ» የምትል ጭራ አለች፣ ብትናገራትም ባትናገራትም አለች። እኔ አንዲት ቃል ወረወርኩ፣ ሴትዮዋ የቀረውን ራሷ ሞላችው። እስቲ ፍረዱ፣ ባልተናገርኩት ቃል እኮ ነው የተከሰስኩት።

ብሶቴ ግን በሴትዮዋም በአለቃዬም አይደለም። ባስተማሩኝ ሰዎች ነው።

12 ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ተማርኩ፣ ከ9ኛ ክፍል ወዲያማ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ብቻ በጆሮዬ ሲጮህ ኖረ፣ «ፉል ሴንተንስ!» «ዱ ዩ ላይክ ኮፊ?» ትባላለህ፣ ተነስተህ «የስ አይ ዱ» ካልክ «በሙሉ ዓረፍተ ነገር!» ይልሃል፣ «የስ አይ ላይክ ኮፊ» ስትል ይጨበጨብልሃል። «ኢዝ ዚስ ኤ ፔን?» «የስ ዚስ ኢዝ ኤ ፔን።» እስቲ በእናታችሁ የትኛው ጤነኛ ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው? ይሄ በአማርኛ ቢሆን «ቡና ትወዳለህ ወይ?» «አዎን፣ እኔ ቡናን እወዳለሁ» እንደሚል ሰው ነው፣ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ብታወራ ጸበል ይወስዱሃል።

ከዚያ ይሄው ዘንድሮ ከስራ በኋላ ማታ ማታ ኮርስ ጀመርኩ፣ ውጭ ለመማር ፈተና አለ አይደል፣ ለሱ። የመጀመሪያ ድርሰቴ በቀይ እስክሪብቶ ደም መስሎ ተመለሰልኝ። «ማይ ብራዘር ካንት ድራይቭ ባት ማይ ሲስተር ካን ድራይቭ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ አስተማሪው መጨረሻዋን «ድራይቭ» ሰርዞ ከጎኑ «ሪፒቲሽን» ብሎበታል። እሺ፣ መድገም ነውር ነው ማለት ነው፣ ገባኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቆራጭ ሆኜ መጣሁ። «ማይ ብራዘር ድሪንክስ ኮፊ ባት አይ ኖት» አልኩ። ኤክስ! «ዱ ዩ ላይክ ጎንደር» ለሚል ደሞ «የስ አይ ላይክ»። ኤክስ! «አር ዩ ሬዲ?» «የስ አይም።» ኤክስ! ስደግም ኤክስ፣ ስቆርጥ ኤክስ፣ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዝም ልበል? ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ያለኝን ልንገራችሁ፣ «ኔቲቮቹ (አፍ የፈቱበት ሰዎች) እንደዚያ አይሉም።» ይሄ መልስ ነው? ለዚህ ነው በየወሩ ከደሞዜ ላይ ቆርጬ የምከፍለው?

እልህ ያዘኝና ሌሊት ተረኛ ስሆን ኢንተርኔት ላይ መቆፈር ጀመርኩ፣ እንግዳውም ተኝቷል፣ ዋይፋዩም የኔ ነው። ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ ነገርዬው ስርዓት አለው! አንድ ሰው ሁለት ማታ ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ያልቅ ነበር እኮ።

ሲጀመር እንግሊዝኛ ዝም ብሎ አይቆርጥም፣ ሲቆርጥ አንድ ረዳት ግስ ዘብ አቁሞ ነው። «ካን» «ዊል» «ሃቭ» «ኢዝ» እነዚህ ካሉ ከነሱ በኋላ ያለውን ጠርገህ ትጥላለህ፣ «አይ ሃቭንት ፊኒሽድ ባት አይ ዊል» ብለህ ትቆማለህ። ረዳት ግስ ከሌለስ? ያኔ «ዱ»ን ትበደራለህ፣ «ማይ ብራዘር ድሪንክስ ኮፊ ባት አይ ዶንት።» የኔ «አይ ኖት» ዘብ ስለሌላት ነው የወደቀችው። እና ያቺ የቀረችው ቃል የተቆረጡትን ሁሉ ብቻዋን ተሸክማ ስለቆመች እሷን ራሷን ከፊቷ ካለው ባለቤት ጋር አጣብቆ ማሳጠር አይቻልም፣ «የስ አይ አም» እንጂ «የስ አይም» የማይባለው ለዚህ ነው። ይሄን ሳነብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ብቻዬን ካውንተሩ ላይ ሳጨበጭብ ጥበቃው መጥቶ «ምነው ደህና ነህ?» አለኝ።

«የስ አይ ላይክ» ደሞ የሁላችንም በሽታ ነው፣ አትካዱ። ከየት እንደመጣችም አውቄባታለሁ። አማርኛ «እወደዋለሁ» ሲል ወዳጁም ተወዳጁም እዚያችው አንዲት ግስ ውስጥ ተጠቅልለው ገብተዋል፣ ወይ ደሞ «እወዳለሁ» ብለህ ዝም ማለት ትችላለህ፣ ማንም አይቀየምህም። እንግሊዝኛው «ላይክ» ግን ብቻውን ከተውከው ሜዳ ላይ ቀረ፣ ወይ «ኢት» ትለጥፍለታለህ ወይ ጨርሰህ ጥለኸው «አይ ዱ» ትላለህ። መሃል ላይ መቆም የለም። መጠንም ቀለምም እንደዚያው፣ እኛ «ትልቁን ነው ቀዩን?» ብለን እንጨርሳለን፣ አንድ ቀን ለእንግዳ ጃንጥላ ላበድር ብዬ «ዱ ዩ ዋንት ዘ ቢግ?» ብለው ትልቁ ምን እንደሆነ ሊሰማ አፌን አፌን እያየ ቀረ። «ዘ ቢግ ዋን» ነው አሉ። ያቺ «ዋን» ምን ትሰራለች? የጠፋውን ስም ወንበር ትጠብቃለች።

በጣም ያናደደኝ ደሞ እኛ ራሳችን በመቁረጥ የምንታማ ሰዎች አለመሆናችን ነው። እናቴ ደምቢያ ነው ያለችው፣ ስትደውል ስሙልኝ፣ «ደህና ነህ? ስራስ? ጉንፋኑስ? ያቺ ልጅስ?» አንዲት «ስ»! ባንዲት ፊደል ሙሉ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ያቺ ልጅ ምን ሆነች፣ ትገናኛላችሁ ወይ፣ ልታገባት ነው ወይ፣ ሁሉም «ስ» ውስጥ አለ፣ መልስ የሌለውም ለዚህ ነው። በቅኔ አንዲት ቃል ሰሙንም ወርቁንም የምታሸክም ከተማ ተወልዶ ማሳጠር አይችልም ሲባል አያናድድም?

እንደውም አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ራሴ ነኝ ያስተዋልኩት (ሌላ ሰው ቀድሞ ብሎት ይሆናል፣ ተውኝ ልኩራበት)። «ወንድሜ ሻይ፣ እህቴ ቡና ትጠጣለች» እንላለን። ከየትኛው ላይ ቆረጥን? ከፊተኛው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ወንድሜን ሻዩን አስይዘን እናቆመውና እህቴ ይዛው የምትመጣውን ግስ እንዲጋራ እናደርገዋለን። እንግሊዝኛው በጻፉት ላይ ሲያሳጥር «ማይ ብራዘር ድሪንክስ ቲ ኤንድ ማይ ሲስተር ኮፊ» ይላል፣ ግሱ ቀድሞ ስለመጣ የሚቆረጠው ከኋለኛው ነው። መቀሱ ያው ነው፣ የሚቆርጠው ጫፍ ነው የተገላበጠው! ይሄን አንድ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ቢያሳየኝ ምን ነበረበት? የለም፣ እኛ «ፉል ሴንተንስ» ስንል ውለን እናድር።

«ሚ ቱ»ን ደሞ እንዳልረሳት። አማርኛ «እኔም» አላት፣ እወዳለሁ ሲልህም «እኔም»፣ አልወድም ሲልህም «እኔም»፣ ለሰርግም ለለቅሶም ትሆናለች። እንግሊዝኛ ሁለት በር አለው፣ ለወደደው «ሶ ዱ አይ»፣ ላልወደደው «ናይዘር ዱ አይ»፣ ያውም ቃሉን ጥያቄ አስመስሎ ገልብጦ። አንድ እንግዳ «አይ ዶንት ኢት ሚት» ሲለኝ «ሚ ቱ» ብዬው አውቃለሁ፣ ጾም ነበር። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ገብቶት አለፈኝ።

እሺ ይሄን ሁሉ ተማርኩ እንበል፣ እንግዶቹ ደሞ ሌላ ጉድ ይዘው ይመጣሉ። የሰዋስው መጽሐፉ እንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት አይጥልም፣ «አይ» እና «ዩ» የግድ ነው ይላል። ከዚያ አንዱ ከላይ ይወርድና «ሲን ማይ ቻርጀር?» ይልሃል። ማን? ማን ነው ያየው? «ሃቭ ዩ» የት ሄደ? ደረጃው ላይ ወደቀ? ሌላዋ «ዋንት ሰም?» ብላ ብስኩት ትዘረጋለች። «ሳውንድስ ጉድ» ይልሃል፣ ባለቤት የለው ምን የለው። ሲያወሩ ከፊትም ይቆርጣሉ ማለት ነው፣ ማን እንደተባለ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ግልጽ ስለሆነ። ይሄን ፈተና ላይ ብጽፈው ግን አስተማሪዬ በቀይ ያርደኛል፣ ለነሱ ጨዋታ ለኔ ስህተት። «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ጆይን አስ?» ሲሉኝ ደሞ መልሱ «አይድ ላቭ ቱ» ነው፣ ያቺ «ቱ» በአየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ? ሄሎ?» ብያለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ዝም ብለህ ፊልም እይ፣ በጆሮህ ይገባል» ልትሉ ነው፣ አውቃለሁ። አይቻለሁ። ፊልም ላይ የሰማሁትን ለመረዳት የቀረውን ቃል ማወቅ አለብኝ፣ የቀረው ቃል ደሞ አይሰማም! ያልተባለን ነገር እንዴት ብዬ ነው በጆሮዬ የምማረው? ሰው ነው የሚያስፈልገኝ፣ ጣቱን ቀስሮ «እዚህ ጋ ይሄ ነበር፣ ወጣ፣ የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው» የሚለኝ። መድገምም በቦታው ያምራል፣ አጥብቀህ ስትናገር ትደግማለህ፣ እሱንም ቢሆን የሚነግርህ የለም፣ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ።

የዛሬ ጠዋቱን ልንገራችሁና ልተኛ። ያቺ የሳሙናዋ ሴትዮ ሂሳብ ልትዘጋ ወረደች። ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ ነው ያደርኩት፣ «ኖ ዊ ዶንት፣ የስ ዊ ዱ፣ ኖ ዊ ዶንት»፣ አሉታ ጥያቄ ከመጣ አልሳሳትም ብዬ ምያለሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሳቀች፣ ቡና ጋበዝናት፣ ታረቅን። ከዚያ ግዙፍ ቦርሳዋን ካውንተሩ አጠገብ አስደግፋ፣ ፋሲል ግቢን አይታ እስክትመለስ ይመስለኛል፣ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሊቭ ዚስ ሂር?» አለችኝ። አሉታ የለበትም። «ኖት» የለ «ዶንት» የለ። ደስ አለኝ፣ በሙሉ ልቤ፣ ያውም ለእርቁ ብዬ ሁለት ጊዜ ደግሜ፣ «የስ! የስ!» አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። «ኦ... ሶሪ» ብላ ቦርሳዋን ተሸከመችና ወጣች። እኔ «ማይንድ» ማለት ቅር ይልሃል ወይ ማለት መሆኑ ትዝ ያለኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ሮጬ ስወጣ ባጃጅ ውስጥ እየገባች ነበር፣ ያለ ምንም ሴንተንስ ቦርሳውን ይዤ መጎተት ጀመርኩ፣ ባለባጃጁ ሌባ መስዬው ወረደ።