እርማት፦ ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ምስል አይመጣም

ወንድሜ አትቀየመኝና "ላፕቶፕን ከአሮጌ ቪጂኤ ሞኒተር ጋር ለማገናኘት ባንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ (የላፕቶፑ ምስል ማውጫ) በሌላው ቪጂኤ (የአሮጌው ሞኒተር ምስል መቀበያ) የሆነ ተራ ገመድ ይበቃል፣ አዳፕተር ብር ማባከን ነው" ያልከው ልክ አይደለም። እኔም እንደዛው ተብዬ ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ወጥቼ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ ገዛሁ፣ ቤት ገብቼ ሰማያዊዋን ባለ 15 እግር የቪጂኤ ሶኬት ሁለቱንም ብሎን አጥብቄ ስሰካት ሞኒተሩ "ሲግናል የለም" ብሎ ጥቁር፣ በዛ ብርድ በማግስቱ ተመልሼ ወጣሁ።

ነገሩ ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ አናሎግ ነው፣ ምስሉን ከፍ ዝቅ በሚል ኤሌክትሪክ ነው የሚልከው፣ ኤችዲኤምአይ ደሞ ዲጂታል፣ በቁጥር ነው የሚልከው፣ ስለዚህ መሀል ላይ የሚቀይር ቺፕ ያለው አዳፕተር ግድ ነው፣ ሽቦ ብቻውን ምኑን ይቀይረዋል? አቅጣጫም አለው፣ ላንተ የሚሆነው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለው ነው፣ ግልባጩን ከገዛህ አለቀልህ። አንዳንዱ በጎኑ ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለችው፣ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለብህ ኃይል አንሶት ሊሆን ስለሚችል በሷ በኩል ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ድምፅ በቪጂኤ አያልፍም፣ ከላፕቶፑ ነው የምትሰማው። ላፕቶፕህ ታይፕ ሲ (ትንሿ ሞላላ የዩኤስቢ ቀዳዳ) ብቻ ካለው ደሞ ቀዳዳው ቪዲዮ ማውጣቱን ሳታይ እንዳትገዛ፣ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግም አለ።