ማስተካከያ፦ ስለ ሴሚኮለን የጻፍኩት ልክ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት በሲና በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋዎች ትእዛዝ ስለሚዘጋው ምልክት (;) «ሴሚኮለን ብትረሱ አትጨነቁ፣ በሲም በጃቫስክሪፕትም ራሱ ይሞላላችኋል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

የሲ ኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አይሞላም። ስህተቱን ይነግራችሁና ይቆማል። (የተሳሳተ ኮድ እየጠገነ የሚያስኬድ የሌላ ቋንቋ ኮምፓይለር ግን ነበር፤ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለተማሪ የሠራው ፒኤል/ሲ።)

ጃቫስክሪፕት ይሞላል፣ ግን በራሱ ሕግ። «ሪተርን» (ውጤቱን መልስ የሚለው ትእዛዝ) ብላችሁ ኢንተር ከመታችሁና የሚመለሰውን ዋጋ ከታች ከጻፋችሁት፣ ሴሚኮለኑን እዚያው ሪተርን ጎን ይሰካና የታችኛውን መስመር ሳይነካው ያልፋል፤ ኤረር እንኳ አይሰጥም። ከሪተርን ውጭ ደግሞ ቀጣዩ መስመር በቅንፍ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ሴሚኮለን መጨመሩን ትቶ ከላይኛው ጋር ያያይዘዋል። ይህን ከቋንቋው ይፋዊ ስታንዳርድ፣ ከኤክማስክሪፕት አይቻለሁ፤ ላፕቶፔ ላይም ሞክሬዋለሁ።

እኔን አምኖ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላለች ሱቅ ደረሰኝ የሚያወጣ ኮድ የጻፈ ልጅ፣ ድምሩ ቦታ ላይ «አንዲፋይንድ ብር» (ዋጋ አልተሰጠውም ማለት ነው) ወጥቶበታል። ግማሽ ቀን ሲፈልገው ዋለ፣ መብራትም መሃል ላይ ሄዶበት። ይቅርታ ወንድሜ።

በእኔ ጽሑፍ ተመርታችሁ የጻፋችሁት ካለ፣ ሪተርን ብቻውን የቆመበትን መስመር ፈልጉና ዋጋውን ወደ ጎኑ አምጡት።