ጠመንጃው አንዴ ይገዛል፣ ጥይቱ ግን ሁልጊዜ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ወዳጄ ደወለልኝ። እንደኔው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው የሚኖረው።

«ጋሼ፣ ያንን ጠመንጃ ልሸጠው ነው» አለኝ።

«ምነው? ገና ሁለት ወሩ አይደል እንዴ?»

«ጥይቱ ኪሴን አራቆተው። ከገዛሁት ወዲህ አርባ ጊዜ እንኳ አልተኮስኩበትም።»

የገዛው .22-250 የሚባለውን ጥይት የሚጎርሰውን ነው። ወደ ምሥራቁ ሜዳ እየወጣ ፕሬሪ ዶግ ሊያድንበት አስቦ። ሱቅ ውስጥ «ለዚህ አደን ከዚህ የሚበልጥ የለም» ብለውታል። አልዋሹትም። ጥይቱ በሰከንድ ከ3,600 ጫማ በላይ ይበራል። ሩቅ ላይ ያለ ትንሽ ኢላማ በሱ ይቀላል። ግን በወር ለጥይት ስንት ማውጣት እንደሚችል የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ፕሬሪ ዶግ ስሙ ውሻ ይላል እንጂ ከአይጥ ወገን ነው። መሬት ቆፍሮ፣ መንደር መሥርቶ ይኖራል። ከብት አርቢዎች አይወዱትም። ሣሩን ይግጥብናል፣ ጉድጓዱ የከብትና የፈረስ እግር ይሰብርብናል ይላሉ። ስለዚህ በደንብ ለጠየቃቸው አዳኝ መሬታቸው ላይ እንዲያድን የሚፈቅዱ አሉ።

ይህ አደን ከአጋዘን አደን ይለያል። አጋዘን የሚያድን ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጥይት ቢተኩስ ነው። እዚህ ግን በአንድ ጠዋት መቶ ጥይት ሊያልቅ ይችላል። ካሊበር፣ ማለትም ጠመንጃው የሚጎርሰውን የጥይት ዓይነት፣ መምረጥ ያለብን ከዚህ ተነስተን ነው ባይ ነኝ። እኔ ፍጥነቱን ከማየቴ በፊት የሳጥኑን ዋጋ ነው የማየው።

በቅርብ ጊዜ እኔ በምገዛባቸው ሱቆች መቶ የ.22 ሎንግ ራይፍል ጥይት በአሥር ዶላር ገደማ ይገኛል። መቶ .17 ኤች ኤም አር ሠላሳ ዶላር አካባቢ ነው። .223 ደግሞ ርካሹ ከሃምሳ እስከ ስድሳ ይሄዳል። .22-250 ከመቶ ሠላሳ በታች አግኝቼ አላውቅም። በዚያ ላይ ኮሎራዶ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በመሣሪያና በጥይት ሽያጭ ላይ 6.5 በመቶ ታክስ ጥላለች። ካሊፎርኒያ የሚኖር ደግሞ ከ2024 ወዲህ 11 በመቶ አለበት። ውድ ጥይት ላይ ታክሱም ውድ ነው።

እኔ ያደግሁት ገጠር ነው። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥተን ዝንጀሮና ወፍ የምንጠብቀው በወንጭፍ ነበር። አባቴ ምንሽር ነበረው። ጥይቱ ግን ዝናር ውስጥ ተቆጥሮ ነው የሚቀመጠው። ለዝንጀሮ ቀርቶ ለጅብም አይተኮስም። እኛ ልጆቹ ያየነውን የማንስተው ድንጋይ በነፃ ስለሆነ ነው። ቀኑን ሙሉ ስንወነጭፍ እንውል ነበር። እዚህ አገር ጠመንጃ ስመርጥም የሚታወሰኝ ያ ነው። በየሳምንቱ ሳትሳቀቅ የምትተኩሰው ጥይት ነው አነጣጣሪ የሚያደርግህ። ግን ብዙዎቻችን ሱቅ ስንገባ ዓይናችን ትልቁና ኃይለኛው ላይ ያርፋል። መሣሪያ ክብር ከሆነበት አገር ነው የመጣነው፤ እረዳዋለሁ። አደኑን ግን አይጠቅመውም።

.22 ሎንግ ራይፍል ከ1887 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። ድምፁ ትንሽ፣ ምቱ ለትከሻ የለዘበ ነው። ችግሩ ርቀት ነው። በ50 ያርድ ያስተካከልከው ጠመንጃ በ100 ያርድ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ለጓሮ አይጥና ለጥንቸል ይበቃል። ለፕሬሪ ዶግ ግን ከ75 ያርድ ወዲያ ባትሞክረው ይሻላል። ደረቅ መሬት ላይ የመንጠር አመልም አለው።

.17 ኤች ኤም አር በ2002 የመጣ ነው። ጥይቷ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ግን በሰከንድ 2,550 ጫማ ትወነጨፋለች። ነፋስ በሌለበት ቀን በጣም እወዳታለሁ። ነፋስ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጠዋት ፒክአፑ ጥግ ተንበርክኬ፣ በስኮፑ፣ በማነጣጠሪያው መነጽር፣ ውስጥ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመ አንድ ፕሬሪ ዶግ አየሁ። 170 ያርድ ይሆናል። ሣሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አይቼዋለሁ፣ ግን ንቄው ቃታውን ሳብኩ። ኋላ እግሩን መታሁት። በፊት እግሮቹ እየተጎተተ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሄጄ አየሁ፤ አፈሩ ላይ ትንሽ ደም አለ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ባስገባ አልደርስበትም። ያን ቀን ዕቃዬን ሰብስቤ ተመለስኩ። በኋላ ሳሰላው፣ በሰዓት 10 ማይል የሆነ የጎን ነፋስ ያችን ጥይት በ100 ያርድ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በ200 ያርድ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገፋታል። እንስሳው ቆሞ ወርዱ አንድ መዳፍ ቢሆን ነው። ሜዳው ደግሞ ከነፋስ ነፃ የሚሆንበት ቀን ትንሽ ነው።

ለዚህ ነው አንድ ጠመንጃ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው .223 ሬሚንግተን ይግዛ የምለው። እስከ 250 ያርድ ያለ ብዙ ስሌት ይመታል። ክረምት ላይ ካዮቲ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ቢመጣም ይበቃል። ርካሽ የሆነውም የወታደሩ 5.56 መንትያ ስለሆነ ነው፤ ፋብሪካዎች ሌት ተቀን ያመርቱታል። ባሩዱም ጥቂት ነው። አንድ ፓውንድ ባሩድ 7,000 ግሬን ነው። .223 በአንድ ጥይት 25 ግሬን አካባቢ ይበላል፣ .22-250 ደግሞ 36 ገደማ። ቀለሃውን ራሱ እየሞላ ለሚተኩስ ሰው ከአንዱ ፓውንድ 280፣ ከሌላው 190 ያህል ጥይት ማለት ነው። የ.22-250 አፈሙዝ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበላል።

ጥንቃቄ ግን አለው። 5.56 የሚል ጥይት .223 ብቻ የተጻፈበት ጠመንጃ ውስጥ አይጎረስም። ቀለሃው ቢመሳሰልም ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል። ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነውን ርካሹን ጥይት ደግሞ ለልምምድ ብቻ ተጠቀሙበት። እንስሳው ላይ የሚፈረካከሰው ይተኮስ። ዋጋው ጨመር ይላል፣ ግን ስቃይ ያሳጥራል።

እርሳስ የሌለበት ጥይት ቢገኝም እመርጣለሁ። ሜዳ ላይ የቀረውን ሬሳ ንስርና ጭልፊት ይበሉታል፤ እርሳሱም አብሮ ይገባቸዋል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን በእርሳስ ጥይት መተኮስ ከልክላለች። ፕሬሪ ዶግ ራሱም ተባይ ብቻ አይደለም። ጥቁር እግር ፌሬት የሚባለው፣ ሊጠፋ ጫፍ የደረሰው እንስሳ የሚኖረው እሱን በልቶ ነው። ፌሬቱ ጠፋ ተብሎ ከቆየ በኋላ በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ መተኮስ የተከለከለበትን ቦታ አጣርቶ መሄድ ግዴታ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራሉ ሕግ ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው በአብዛኛው አይፈቀድለትም፤ ሳይጠይቅ እንዳይነካ። የየስቴቱ ሕግ ደግሞ ይለያያል።

ወዳጄን «ሽጠው፣ ግን ለሰው እጅ በእጅ እንዳትሰጥ» አልኩት። ኮሎራዶ ውስጥ የግል ሽያጭም ቢሆን ገዢው ፈቃድ ባለው ሱቅ በኩል መጣራት አለበት። ቅዳሜ የኔን .22 ይዘን የተኩስ መለማመጃ ሄድን። 150 ጥይት ተኮሰ። ከሰዓት ላይ 50 ያርድ ላይ አምስቱን ጥይት በአንድ የቡና ስኒ አፍ ስፋት ውስጥ ሰበሰበ። ወረቀቱን ነቅሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ማታ ደውሎ በሽያጩ ብር .223 እንደሚገዛ ነገረኝ። «ግን እስከዚያ ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬህ ልምጣ?» አለኝ። ሁለት ሳጥን .22 ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት።