ስድስት ኪሎን በፎቅ ከመሙላት በፊት

ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጻፉ አንድ ጸሐፊ የዩኒቨርሲቲው የወደፊት ፕላን ስድስት ኪሎ ባለው ዋናው ግቢ ውስጥ ረጃጅም ፎቆች ይጨምር ማለታቸው አልተዋጠልኝም። ግቢው እኮ ጃንሆይ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ጣሊያን የሠራው ጠመዝማዛ ደረጃ ዛሬም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ካለው ሙዚየም ፊት ለፊት ቆሟል፤ ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ አንበሳ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ፎቅ ከበቀለ እሷን ማን ቀና ብሎ ያያታል!

ቦታ ጠበበ ከተባለ መጀመሪያ አምስት ኪሎና አራት ኪሎ ያሉት የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በደንብ ይፈተሹ። እኛ ስንማር (ዘመኑን አልናገርም፣ ዕድሜዬ ይጋለጣል) እስከ አራት ኪሎ ቁልቁል በእግራችን እያወጋን ነበር የምንወርደው። ጥላ ያለው ደህና የእግረኛ መንገድ ቢሠራ ሦስቱ ግቢዎች እንደ አንድ ይሆናሉ። ዛፎቹንም ሳትቆጥሩ መጋዝ እንዳታነሡ።