ለሐሜት የማንሰለች፣ ለምርጫ የምንደክም

በቀደም አንድ ልደት ላይ ተሰብስበን ነው። አንድ አባት የ16 ዓመት ልጁ ከኳስ ሜዳ ሲመለስ ፖሊሶች አስቁመው ቦርሳውን እንዴት አስፋልት ላይ እንደዘረገፉበት አጫወተን። ምንም አላገኙበትም። ልጁ ታኬታውንና የውሃ ላስቲኩን ለቃቅሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በዚያ መንገድ አያልፍም፤ በሌላ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም የራሱን አወጣ። አንዷ ስልኳን በሞተር ሳይክል የተቀማችበትን ቀን ተረከች። እኔም የመኪናዬ መስታወት ተሰብሮ፣ በማግስቱ ከፖሊስ በኢሜይል አንድ ቁጥር ተልኮልኝ፣ ፋይሉ መዘጋቱን ነገርኳቸው። “ቁጥሯ ለኢንሹራንስ ትሆንሃለች” ነበር የተባልኩት።

ወሬው ሲሞቅ አንድ ጥያቄ ጣል አደረግሁ። “በሜይ 2024 የፖሊስ ኮሚሽነር ሲመረጥ ወጥቶ የመረጠ ማን አለ?” ከሃያ በላይ ነበርን። አንዲት ነርስ ብቻ እጇን አወጣች። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ከሁላችንም በላይ ሲናደድ የቆየው እሱ፣ ዞር ብሎ “የምን ኮሚሽነር?” አለኝ።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የምትኖሩ፣ የብሪታንያ ዜግነት የወሰዳችሁ ወገኖቼ፣ የምናገረው ለእናንተ ነው። ብትቀየሙኝም ተቀየሙኝ። ፖሊስን በማማት የሚያክለን የለም። ሠርግ ላይ እናማለን፣ ለቅሶ ላይ እናማለን፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰን ስንመለስ በር ላይ ቆመን እናማለን። በውሸት ነው የምናማው አላልኩም። መንግሥት ራሱ የሚያወጣው አሃዝ ጥቁር ሰው ከነጭ በ4 እጥፍ ገደማ ለፍተሻ እንደሚቆም ይናገራል። ነገሩ እንዲህ የሚያንገበግበን ከሆነ ግን የፖሊስ አዛዡን የሚሾመውንና የሚያነሳውን ሰው ለመምረጥ አሥር ደቂቃ ማጣታችን ምን ይባላል?

ከራሴ ልጀምር። ኖቬምበር 15 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሚሽነሮች ምርጫ ሲደረግ እኔም ቤቴ ነበርኩ። ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጬ የምርጫ ካርዱን አገላበጥኩት። የሚወዳደሩት እነማን እንደሆኑ አልተጻፈበትም። “ማንም ቢሆን ምን ይለውጣል” አልኩና ጀርባው ላይ የልጄን የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ጻፍኩበት። በማግስቱ ዜናው ሲነገር ከ100 መራጭ የወጣው 15 ያህሉ ብቻ ነበር። በመላው እንግሊዝና ዌልስ በተደረገ ምርጫ በሰላም ጊዜ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም ተባለ።

ከሁሉም ከአእምሮዬ ያልወጣው የኒውፖርቱ ነው። ዌልስ ውስጥ፣ ኒውፖርት ከተማ፣ ቤቱስ በሚባል ሰፈር አንድ የምርጫ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ አንድም ሰው ሳይመርጥበት ተዘጋ። አንድም! በዚህ አገር ጣቢያ የሚከፈተው በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 7 ሲሆን የሚዘጋው ከምሽቱ 10 ላይ ነው፤ አሥራ አምስት ሰዓት ማለት ነው። እስቲ እዚያ የዋሉትን ሠራተኞች አስቧቸው። የመራጮች መዝገብ ተዘርግቷል፣ እርሳሱ በክር ታስሯል፣ ሳጥኑ ታሽጓል። በሩ በተንቋቋ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ የመጣ የለም። እኔ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የጻፍኩባት ካርድና ያ ባዶ ሳጥን ምንና ምን እንደሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በዚያ ዓመት ሰበብ ነበረን፤ ሐሰት አልናገርም። መንግሥት የተወዳዳሪዎቹን ማንነት በየቤቱ በፖስታ አልላከም፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ አለ። የመረጠው ወርም ቀኑ በጊዜ የሚጨልምበት ኖቬምበር ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኦገስት 2014፣ በርሚንግሃምና ኮቨንትሪ ባሉበት በዌስት ሚድላንድስ ኮሚሽነሩ ሞተው ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ኦገስት ብርሃን ነው፣ ሙቀት ነው። ከ100 ሰው 10 ያህሉ ወጣ። በሜይ 2024ም ከአራት መራጭ ሦስቱ ያህል ቤቱ ነበር። እንግዲህ ምኑን እናሳብብ፣ አየሩን?

እኛን ደግሞ “አላውቅም” ማለት አያምርብንም። ለዜግነት ፈተናው ያጠናነውን መጽሐፍ አስታውሱ እንጂ። የንጉሥ ሄንሪን ስድስት ሚስቶች በቃላችን ያስያዘን ያ መጽሐፍ፣ በኖቬምበር 2012 ሕዝቡ የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነሮችን እንደመረጠ፣ ሥራቸውም ምን እንደሆነ ጽፎልን ነበር። አንብበነዋል፣ አስምረንበታል፣ ከ24ቱ ጥያቄ 18 መልሰን አልፈናል። ከፈተናው ክፍል ስንወጣ እዚያው ጥለነው ወጣን። ዛሬ ለዜግነት ማመልከቻ ብቻ ከ1,600 ፓውንድ በላይ ይከፈላል። የጋና ወይም የኬንያ ተወላጅ ጎረቤታችሁ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች የብሪታንያ ፓስፖርት ሳይኖረው ይመርጣል፤ እኛ ያለ ዜግነት ደጃፉን አናልፍም። በስንት ብርና በስንት እንቅልፍ የገዛነውን መብት መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን ተቀመጥን።

ኮሚሽነር ምን ያደርጋል ላላችሁ፣ እነሆ። ቺፍ ኮንስታብል የሚባለውን የፖሊስ አዛዥ ይሾማል፣ ያነሳልም። የፖሊሱን በጀት ይይዛል። ፖሊስ ምን ላይ እንዲያተኩር የሚያሳየውን ዕቅድ ያወጣል፤ ከማውጣቱ በፊትም ነዋሪውን መጠየቅ በሕግ ይገደዳል። እገሌን እሰሩ፣ እገሌን ልቀቁ ማለት ግን አይችልም፤ ደግሞም አለመቻሉ ጥሩ ነው። የካውንስል ታክስ ደብዳቤያችሁን አውጥታችሁ እዩ፤ ለፖሊስ የሚሄደው ገንዘብ ለብቻው መስመር ተሰምሮለታል። ልኩን የሚወስነው ያ “የምን ኮሚሽነር?” ያላችሁት ሰው ነው። ገንዘቡን በየወሩ እየከፈላችሁ ሰውየውን አታውቁትም።

ሌላም አለ፤ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት አታውቁም። በፖሊስ ጣቢያ የታሰረ ሰው እንዴት እንደተያዘ ለማየት፣ ቀን ሳይቆርጡ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ድንገት የሚገቡ ተራ ነዋሪዎች አሉ። ደመወዝ የላቸውም፣ ፖሊሶችም አይደሉም። ይህን ሥራ የማደራጀት ግዴታ የኮሚሽነሩ ነው፤ ፈቃደኛ ሲፈልግም ማስታወቂያ ያወጣል። ልጆቻችን እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጉ ይሆን እያልን በየልደቱ የምንጨነቅ ሰዎች፣ በሩን አንኳኩተን ገብተን የምናይበት መንገድ እንዳለ አለማወቃችን ያሳፍራል። እኔ ራሴ ያወቅሁት ከነርሷ ነው፤ ጓደኛዋ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች።

ሮዘራምን አንርሳ። ኦገስት 2014 ላይ በወጣው የምርመራ ዘገባ፣ ከ1997 እስከ 2013 በዚያች ከተማ ቢያንስ 1,400 ያህል ሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተጻፈ። ፖሊሱም ካውንስሉም እየሰሙ እንዳልሰሙ ሆነው አልፈዋል። ከተማዋ ያለችበት የሳውዝ ዮርክሸር የፖሊስ ኮሚሽነር ደግሞ ቀደም ሲል በዚያው ካውንስል የሕፃናት አገልግሎት ኃላፊ የነበረው ሰው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልቀቅ አለው፣ የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ልቀቅ አለችው፣ የገዛ ፓርቲው ልቀቅ አለው። አልለቅም አለ። ማንም ሊያወርደው አልቻለም፤ ሕጉ የሰጠው ለሕዝብ ድምፅ ነውና። በስንተኛው ሳምንት፣ በሴፕቴምበር፣ በራሱ ጊዜ ለቀቀ። ያ ሰው ሲመረጥ ከ100 መራጭ 15 እንኳ አልወጣም ነበር።

አሁን የሚብሰውን ስሙ። በኦክቶበር 30 ማሟያ ምርጫ ተደረገ። የሕፃናቱ ጉዳይ ገና በየጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ነው፤ ቁጣው ገና አልበረደም። ስንቱ ወጣ? ከ100ው 15 ያህሉ። ያ ሁሉ ልቅሶ ተለቅሶ፣ ያ ሁሉ እርግማን ወርዶ፣ ሳጥኑ ዘንድ የደረሰው ሰው በቁጥር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኛ ባለቤቶቹ ራሳችንን ንቀን አጥሩን ማን ነቀነቀው እንላለን።

ይኸው ወንበሩም ሊሄድ ነው። በኖቬምበር 2025 መንግሥት የኮሚሽነሮቹን ሹመት፣ የአሁኑ ዘመናቸው በሜይ 2028 ሲያበቃ፣ ሊያስቀረው መወሰኑን አሳወቀ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ አያውቃቸውም የሚል ነው። አያውቃቸውም! ማን አላውቅም አለ? እኛ። በአገሪቱ ምርጫ የእኛ ማኅበረሰብ ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ ባዶነት ውስጥ የየድርሻችንን አዋጥተናል። ኮሚሽነርነቱ ጥሩ ሥርዓት ነበር ብዬ አልከራከርም። አንድ ሰው ለሚሊዮኖች ይበቃል ወይ ያሉት ሰዎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሚቆጨኝ ወንበሩ ተመዝኖ ሳይሆን ሳይታይ መቅረቱ ነው።

“እሰይ፣ ተገላገልን” የምትሉ ካላችሁ አትቸኩሉ። ሥራው አይጠፋም፤ እጅ ነው የሚቀይረው። እንግሊዝ ውስጥ ከንቲባ ባለበት ለከንቲባው፣ በሌለበት የካውንስል መሪዎች ለሚመሩት ቦርድ ይሰጣል። ለንደን ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ሥልጣኑ የከንቲባው ነው፤ ማንቸስተር ከ2017፣ ዌስት ዮርክሸር ከ2021፣ ሳውዝ ዮርክሸር ከ2024 ወዲህ እንዲሁ። ስለዚህ ነገ ለካውንስል የሚመረጠው ያ የማታውቁት ጎረቤታችሁ፣ የልጃችሁን ቦርሳ የሚዘረግፈው ፖሊስ አዛዥ ማን ይሁን በሚባልበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጥ ይችላል። የካውንስል ምርጫንስ ስንቶቻችን ወጥተን እናውቃለን? ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ለፓርላማው ብቻ ይነሳሉ፤ ያንንም ለፎቶው ይመስለኛል።

በየዓመቱ ከካውንስል የሚመጣውን የመራጮች ስም ማረጋገጫ ደብዳቤ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብራችሁ አትጣሉት። ሌሊት የምትሠሩ በፖስታ ምረጡ። በአካል ስትሄዱ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዙ። ከቀረቡት አንዱም ካልጣማችሁ ወረቀቱን ዳር እስከ ዳር ሰርዛችሁ ክተቱት፤ የተበላሸም ወረቀት ተቆጥሮ ይመዘገባል። ቤት የቀረ ሰው ግን ለምን እንደቀረ የትም አይመዘገብለትም።

በዚያ ልደት ማታ ልጁም ነበረ፤ ቦርሳው የተዘረገፈበት። ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ስንነጫነጭ የማይሰማ መስሎኝ ነበር። ነርሷ እንግሊዝ ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ በመራጭነት መመዝገብ እንደሚቻል፣ ሲመዘገቡም የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር እንደሚጠየቅ፣ ድምፅ መስጠቱ ግን 18 ሲሞላ እንደሆነ ስትናገር ቀና አለ። “የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሬ ከመጣልኝ ወር አልሞላውም” አለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ስልኩን ለአባቱ አቀበለው። አባትየው መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፤ ቁጥሩ ግን ትዝ አላለውም፤ ባለቤቱን ጠርቶ፣ “ያ ሰማያዊ ፋይል የት ነው ያስቀመጥነው?” አላት።